የመጋዘኑን ካሜራ ከውጭ ማየት አልቻልኩም፤ ናቱ የቱ ጋ ነው የሚቆረጠው?

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ታግዬ አልሆነልኝም። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

አባቴ ትንሽ የእህል መጋዘን አለው። አሁን ታሞ ቤት ነው የሚውለው። አልጋው ላይ ሆኖ በስልኩ እንዲያይ ካሜራ አስገባሁለት። የካሜራው መቅጃ በውስጥ አድራሻ 192.168.88.50 ላይ ነው። ሚክሮቲክ ራውተሩ ላይ ፖርት 8000ን (ከውጭ የሚገባበትን በር ቁጥር) ወደ እሱ የሚመራ የናት ሕግ ጻፍኩ፤ ናት ማለት የውጭውን አድራሻ ከውስጦቹ ጋር የሚቀያይረው ሥራ ነው። እዚያው በዋይፋይ ጥርት ብሎ ይታያል። በሞባይል ዳታ ስሞክር ግን ዝም ነው።

ከውጭ እየሞከርኩ የሕጉን ቆጣሪ ተከታተልኩ። 0 ፓኬት። ንቅንቅ አይልም። ፋየርዎሉን ለጥቂት ደቂቃ አጠፋሁት፤ ያው ነው። ጥያቄው ራውተሬ ጋ ጭራሽ እየደረሰ አይመስለኝም።

ከዚያ የራውተሩን የዋን (በኢንተርኔቱ በኩል ያለውን) አድራሻ ሳይ በ100.72 ይጀምራል። ኢንተርኔት ላይ «አይፒዬ ስንት ነው» ብዬ ስፈትሽ ደግሞ ሌላ ቁጥር ይመጣል። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው አድራሻ ኢንተርኔት አቅራቢዎች ከራሳቸው ናት ጀርባ ለደንበኞች የሚሰጡት እንደሆነ አንብቤያለሁ። ታዲያ ከእኔ በላይ ሌላ ናት አለ ማለት ነው? ከሆነ እኔ ስንት ፖርት ብከፍት ምን ዋጋ አለው?

አቅራቢው ጋ ደውዬ ነበር። «አጥፍተህ አብራው» ነው ያሉኝ።

የራስ የሆነ አይፒ ከመግዛት ሌላ መንገድ አለ? የራውተሩ ሶፍትዌር ሥሪት 7 ስለሆነ ዋየርጋርድ (ሁለት ቦታን በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኝ ቪፒኤን) አለው። ውጭ ባለ ትንሽ ሰርቨር በኩል ያገናኘ ሰው ካለ፣ ሁለቱም ጋ ምን እንደሚጻፍ ያሳየኝ። አባቴ ጠዋት ማታ «ዛሬስ ይታያል?» ይለኛል።