ለጎንደር ፈረስ የውጭ ድንጉላ ይምጣ ወይስ ከራሳችን ይመረጥ?

የመከራከሪያው ጥያቄ፦ በጎንደርና በዙሪያዋ ያለውን የጉግስና የግልቢያ ፈረስ ለማሻሻል አንድ የቶሮብሬድ (ለሩጫ ውድድር የተዳቀለ የእንግሊዝ ዝርያ) ድንጉላ ተገዝቶ ይምጣ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ደጋፊዎቹ የሚጠቅሱት አሜሪካዊውን የሩጫ ፈረስ ሴክሬታሪያትን ነው። ይበጃል ወይስ አይበጅም?

አባ ዳማ፦ ይምጣ! ሴክሬታሪያት እ.ኤ.አ. በ1973 ቤልሞንት በሚባለው የአሜሪካ ውድድር ላይ 2,400 ሜትር ያህሉን በ2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ጨርሷል፤ ሁለተኛ የወጣው 31 የፈረስ ርዝመት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ሰው ተጭኖ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎም በዚያ ውድድር ያን ሰዓት የሰበረ የለም። 21 ጊዜ ሮጦ 16 ጊዜ አሸንፏል፤ ልቡም 10 ኪሎ ነበር። ባዝራዎቻችን እንዲህ ያለ ደም ካላገኙ የጥምቀት ጉግሳችን እየደከመ መሄዱ ነው።

የባዝራ ወገን፦ ሰዓቱ እውነት ነው። የልቡ ነገር ግን ይታረም፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሞት የመረመረው ሐኪም ልቡን ሚዛን ላይ አላወጣውም፣ 10 ኪሎ ያለው ገምቶ ነው። ደግሞ ወንድሜ፣ ሩጫውን ከጠቀስክ ዘሩንም ጥቀስ። ለድንጉላነት በ32 ድርሻ፣ እያንዳንዱ በ190,000 ዶላር፣ በድምሩ 6.08 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከ600 በላይ ውርንጭላ ወለደ። ራይዝን ስታርን የመሰለ ጎበዝ ወንድ ልጅ ቢወጣለትም እሱን የሚተካ ድንጉላ ግን አልተገኘም። ደሙ የዘለቀው በሴቶቹ በኩል ነው፦ ታላላቆቹ ድንጉላዎች ስቶርም ካት፣ ኤ.ፒ. ኢንዲና ጎን ዌስት ሦስቱም የሴት ልጆቹ ልጆች ናቸው። የዓለም ምርጥ ባዝራዎች ቀርበውለት እንዲህ ከሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነች የማትታወቅ ባዝራ ላይ ምን እንጠብቃለን?

የወገራው፦ እኔ ደግሞ ኖርዘርን ዳንሰርን ላንሳ፤ ክርክራችንን የሚፈታው እሱ ይመስለኛል። የካናዳ ፈረስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ተወለደ። ገና በአንድ ዓመቱ 25,000 ዶላር ተጠይቆበት ገዢ አጣ፤ አጭር ነዋ! አድጎም ትከሻው ላይ ሲለካ 157 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነበር፤ ለቶሮብሬድ ይህ ድንክ ነው። በ1964 ታላቁን የአሜሪካ ውድድር ኬንታኪ ደርቢን በ2 ደቂቃ ድፍን አሸነፈ፤ 18 ጊዜ ሮጦ 14ቱን ወሰደ። በዘር ደግሞ የሚስተካከለው አልተገኘም፦ ኒጂንስኪ፣ ዳንዚግ፣ ሳድለርስ ዌልስ ልጆቹ ናቸው። ሳድለርስ ዌልስ ጋሊሊዮን ወለደ፣ ጋሊሊዮ ደግሞ 14 ጊዜ ሮጦ 14 ጊዜ ያሸነፈውን ፍራንክልን። ገበያ ላይ ፈረስ በቁመቱ የምንመርጥ ሰዎች ብንሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ትውልድ ገና በውርንጭላነቱ ጥለነው ነበር።

አባ ዳማ፦ ጋሼ፣ 157 እኮ ለእኛ ግዙፍ ነው! የእኛ ፈረስ አብዛኛው ከ120 እስከ 135 ሴንቲ ሜትር ነው።

አዘዞ፦ እኔን የሚያስፈራኝ ምጡ ነው። ትልቅ ድንጉላ ትንሽ ባዝራ ላይ ከተለቀቀ ፅንሱ ገዝፎ እናቲቱን ይገድላታል።

የጋጣው ሐኪም፦ ለዚያ እንኳ አትስጉ። እንግሊዝ አገር ግዙፉን የሻየር ዝርያና ድንኩን ሼትላንድ አዳቅለው አይተውታል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1938 ታትሟል። ከሻየር እናት የተወለደው ዲቃላ ከሼትላንድ እናት ከተወለደው ሦስት እጥፍ ያህል ይመዝን ነበር። የፅንሱን መጠን የምትወስነው እናት ናት፤ ማኅፀኗ ከሚችለው በላይ አታሳድገውም። ግን አባ ዳማ፣ ይህ ለአንተም መልስ ነው፤ ከትንሽ ባዝራ በአንድ ትውልድ የቶሮብሬድ ቁመት አይገኝም።

እኔን የሚያሳስበኝ ድንጉላው ራሱ በሕይወት መቆየቱ ነው። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ አገራችን ውስጥ አለ። የሚያስተላልፉት ከምሽት እስከ ንጋት የሚናከሱ በጣም ጥቃቅን ዝንቦች ናቸው፤ ክረምቱ ሲወጣ ይፈላሉ። በሽታውን አይቶ የማያውቅ ፈረስ ሲያዝ ከግማሽ በላይ፣ አንዳንዴም 95 በመቶ ድረስ ይሞታል፤ ሳንባው ውኃ ይሞላና በአፍንጫው አረፋ ይወጣል። ቫይረሱ 9 ዓይነት ነው፤ ለአንዱ የተሠራ ክትባት ለሁሉም ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ክትባቱ ከዝንቡ ወቅት ብዙ ሳምንት አስቀድሞ መሰጠት፣ ጋጣውም ከምሽት በፊት ተዘግቶ በጠበቀ መረብ መሸፈን አለበት።

ቀለቡም ሌላ ጣጣ ነው። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን 10 ኪሎ ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ የእኛው በግማሹ ይኖራል። ድርቆሽ ሲያንስ ገብስ በአንዴ ይጨመርለታል፣ ስህተቱም እዚያ ነው። ያልተፈጨው ገብስ ትልቁ አንጀት ደርሶ ይቦካል፣ መርዙ ደም ውስጥ ይገባል፣ ሰኮናውን ከአጥንቱ ጋር ያያዘው ሥጋ ይላላል። ፈረሱ የፊት እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ሰኮናው ሲዳሰስ ይፋጃል። ላሚናይቲስ ይባላል፤ መነሻው ብዙ ነው እንጂ ሴክሬታሪያትንም በ19 ዓመቱ ያስገደለው ይኸው የሰኮና በሽታ ነው።

አባ ዳማ፦ እሺ ዶክተር፣ ድንጉላው ይቅር። ዘሩ በናይትሮጅን ቀዝቅዞ ቢመጣስ? ለላም እየተደረገ አይደል?

የጋጣው ሐኪም፦ ቶሮብሬድ ተብሎ የሚመዘገበው ድንጉላው ራሱ ከሰረረው የተወለደ ብቻ ነው፤ እኛ መዝገቡን ስለማንፈልግ ይህ አያግደንም። ግን ባዝራ እንደ ላም አይደለችም። ላም ኮርማ የምትፈልገው ለአንድ ቀን ያህል ነው። ባዝራ በየ21 ቀኑ፣ ከ5 እስከ 7 ቀን ድንጉላ ትፈልጋለች፤ እንቁላሏ የሚወጣው መጨረሻው ላይ ነው። የቀዘቀዘ ዘር ደግሞ ማኅፀን ውስጥ ብዙ ሰዓት አይቆይም። እንቁላል መያዣው 35 ሚሊ ሜትር ከደረሰ በኋላ ቀንና ሌሊት በየ6 ሰዓቱ በአልትራሳውንድ መታየት አለባት። ይህን ለ20 ባዝራ ማን ይሠራል?

የወገራው፦ ጉግስ ቤልሞንት አይደለም። የጉግስ ፈረስ ከቆመበት ይፈነጠራል፣ ዱላ ሲወረወር ይታጠፋል፣ በልጓም ሲያዝ ጠጠር ላይ ይቆማል። ረጅም እግር ለ2,400 ሜትር ለስላሳ ሜዳ ነው። ከራሳችን እንምረጥ።

አባ ዳማ፦ ከምኑ ነው የምንመርጠው? ፈጣኑ ድንጉላ ገና በሦስት ዓመቱ ለጋሪ ገራም ይሁን ተብሎ ከተኮላሸ ዘር የሚሰጠው የቀረው ደካማው ነው!

የባዝራ ወገን፦ እዚህ ላይ ልክ ነህ፣ ሙሉ በሙሉ። እንግዲህ ከዚህ እንጀምር፦ 4 ዓመት ሳይሞላውና ሳይፈተን የሚኮላሽ አይኑር። ፈተናው ቀላል ነው፤ 400 ሜትር ተለክቶ፣ አንድ ዙሪያ ጥምዝ ተጨምሮ፣ በስልክ ሰዓት ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ቀን። የተመረጠው ድንጉላ በአንድ ቦታ ከሁለት ዓመት በላይ አይቆይ፤ ባዝራ የምታረግዘው 11 ወር ነው፣ የገዛ ልጆቹን እንዳይሰርር የመጀመሪያዎቹ ሴት ልጆቹ ሳይደርሱ ከወገራ ወደ ዳባት፣ ከዳባት ወደ ደባርቅ ይዛወር። እናቲቱ ደግሞ ትጻፍ! ጎንደር ጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ ለዝነኛው ፈረስ ለዞብል መታሰቢያ አላት፤ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ ብለን በፈረሱ እንጠራዋለን። የዞብልን እናት፣ የታጠቅን እናት ግን ማን ያነሳታል?

አዘዞ፦ መዝገቡን ማን ይይዛል? ቢሮ እስኪከፈት ከጠበቅን ዘሩ ያልቃል።

የባዝራ ወገን፦ የቶሮብሬድን የመጀመሪያ የዘር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1791 ያወጣው ጄምስ ዌዘርቢ የሚባል ሰው ነው እንጂ መንግሥት አይደለም፤ ዛሬም የያዘው የቤተሰቡ ድርጅት ነው። አዊ ውስጥ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ራሱን አደራጅቶ ጥር 23ን ያከብራል። የእኛስ እድር ጸሐፊ የለውም? ለእያንዳንዱ ውርንጭላ አንድ መስመር ይበቃል፦ እናት፣ አባት፣ የተወለደበት ቀን፣ መልክና ምልክት፣ በሦስት ዓመቱ ቁመቱ፣ በአራት ዓመቱ ሰዓቱ።

አባ ዳማ፦ የሞተበትን ምክንያትም ጨምሩበት። የውጭ ደም ያስፈልጋል የሚለውን አልተውኩም፤ 10 ዓመት የተጻፈ መዝገብ ይዘን ደግመን እንከራከርበታለን።