በሳምንት 12 ፔሬድ ታሪክ እንዳስተምር ተጠይቄያለሁ፤ ልቀበለው?

የጀሞዋ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። በግል ትምህርት ቤት በፓርት ታይም የሠራችሁ መምህራን ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

የተማርኩት ታሪክ ነው፣ ስድስት ኪሎ። ከተመረቅኩ በኋላ አራት ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማርኩ። ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ለቀቅኩ። አሁን ልጅቷ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ ጠዋት ጠዋት እናቴ ትይዝልኛለች። ባለፈው ሳምንት ገርጂ አካባቢ ያለ አንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጠርቶኝ ዴሞ፣ ማለትም የሙከራ ትምህርት፣ አስተማርኩ። ወደዱኝ።

ያቀረቡልኝ ይኼ ነው። 10ኛ ክፍል አራት ሴክሽን፣ ለእያንዳንዱ በሳምንት ሁለት ፔሬድ። 12ኛ ሶሻል አንድ ሴክሽን፣ አራት ፔሬድ። በድምሩ 12። ክፍያው በፔሬድ 180 ብር። ለማረምና ፈተና ለማውጣት የሚከፈል የለም። ሐምሌና ነሐሴም ክፍያ የለም። ፕሮግራሙን ሲያሳዩኝ ደግሞ 12ቱ ፔሬድ አምስቱም ቀን ላይ ተበትኗል። ማክሰኞ አንዱ ጠዋት 2፡30 ነው፣ ሌላው ከምሳ በኋላ። ከጀሞ እስከዚያ ሁለት ታክሲ ነው የምይዘው፤ በመሀል ወደ ቤት ተመልሶ መምጣት አይታሰብም።

ግን እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ለዴሞው የሰጡኝ ርዕስ የውጫሌ ውል ነበር። ሌሊቱን ተዘጋጅቼ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሙሉ ልቤ አስተማርኩ። ልጆቹ ጸጥ ብለው ኖት ጻፉ። ስጨርስ ጥያቄ ያለው አልኩ። አንድ ልጅ ብቻ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ይኼ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለኝ። ሌላ የጠየቀ የለም።

በ10ኛ ክፍል ብቻ 180 ልጆች ናቸው። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ 40 ደቂቃ፣ ደወል ሲደወል ውልቅ። ስማቸውን ሳላውቅ ዓመቱ የሚያልቅ ይመስለኛል። እንዲህ እየገቡ እየወጡ ታሪክ ማስተማር ይቻላል? እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ባለ ጠመኔው

እህቴ፣ እኔ 11 ዓመት በፓርት ታይም ታሪክ አስተምሬያለሁ። አሁንም ሁለት የግል ትምህርት ቤት እየተመላለስኩ ነው። ስለዚህ የማውቀውን በዝርዝር ልንገርሽ።

መጀመሪያ ሰዓትሽን ቁጠሪ። 12 ፔሬድ በ40 ደቂቃ ስምንት ሰዓት ነው። የሚከፍሉሽ ለዚያ ነው። አሁን ለ180 ልጆች አንድ አንድ የማብራሪያ ጥያቄ ስጪ እንበል። አንዱን በሦስት ደቂቃ ብታርሚ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። ለአንድ ጥያቄ! ከሳምንቱ ማስተማር በላይ ማለት ነው። ብዙ የታሪክ መምህራን ሁሉንም ነገር እውነት ሐሰትና ምርጫ የሚያደርጉት ሰንፈው እንዳይመስልሽ፤ እርማቱ ስለማይቻል ነው። እኔ ያገኘሁት መላ ይኼ ነው፦ በሳምንት አንድ ሴክሽን ብቻ ይጽፋል። በአራት ሳምንት አራቱም ይዳረሳሉ። በሳምንት ከ45 ወረቀት አይበልጥብኝም፣ በደንብም አነበዋለሁ።

ፕሮግራሙን እንዲያስተካክሉልሽ አሁኑኑ ጠይቂ። ሦስት ቀን ላይ እንዲሰበስቡልሽ። ከመስከረም በፊት ፕሮግራም አውጪው እርሳስ ነው የሚይዘው። ተባዝቶ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ግን የአንቺን አንድ ፔሬድ ለማንቀሳቀስ የሒሳቡም የፊዚክሱም መምህር መነሳት አለበት፤ ማንም አይነካልሽም።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልምጣ። «ፈተና ላይ ይመጣል?» ያለሽ ልጅ ክፉ አይደለም። የውጫሌን ውል በእንግሊዝኛ ሲሰማ የሌላ አገር ጉዳይ ይመስለዋል። መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፣ እሱን መቀየር አንችልም። ውጫሌን ግን በአማርኛ ካላሳየሻቸው ነገሩ ራሱ አይገባቸውም፤ ምክንያቱም ጠቡ የተነሳው ከቋንቋ ነው።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። ገብቼ ይኼን አልናገርም። የአንቀጽ 17ን የአማርኛ ቅጂ ቦርድ ላይ እጽፍና «ይቻላቸዋል» የምትለዋን ቃል አሰምርባታለሁ። ከዚያ አንዱን አስነሳና «እናትህ ዛሬ ውጭ መጫወት ትችላለህ ብትልህና ውጭ መጫወት አለብህ ብትልህ አንድ ነው?» እለዋለሁ። ክፍሉ ይስቃል። አንድ አይደለም ይላሉ። በቃ፣ ገቡልኝ ማለት ነው። በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ ይችላሉ፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ነው። ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት ሲጽፉ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ በጣሊያን በኩል ይሁን የሚል ነበር። እዚህ ላይ ቆም እልና «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» እላለሁ። አንዱ ወዲያው እዋጋለሁ ይላል። አንዷ መጀመሪያ መሣሪያ እገዛለሁ ትላለች። አንዱ ደብዳቤ እጽፋለሁ ይላል። ይከራከራሉ። 10 ደቂቃ ሲቀረኝ ወደ እንግሊዝኛው እመለስና ኖቱን እንጽፋለን። ከዚያ በኋላ አምባላጌም መቀሌም ዓድዋም ሲመጣ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 የሆነው ከየት እንደተነሳ ራሳቸው ያውቁታል።

ስማቸውን በተመለከተ፣ ከሆም ሩም ቲቸሩ የመቀመጫ ሠንጠረዡን ፎቶ አንሺ። በየፔሬዱ አምስት ልጅ በስሙ ጥሪ፣ ሌላ ቀን ሌላ አምስት። እኔ እስከ ኅዳር መጨረሻ ግማሾቹን አውቃቸዋለሁ። ስሙን የጠራሽው ልጅ ሌላ ልጅ ነው የሚሆንልሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። በየዓመቱ ልጆቹን አያታቸውን እንዲጠይቁ አደርጋለሁ። ጥያቄው አንድ ነው፦ «በእኔ ዕድሜ እያሉ አገሪቱ ውስጥ ምን ሆነ?» ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ አያቷ በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘማች እንደነበሩ ሰምታ መጣች። ተማሪ ሆነው፣ በ17 ዓመታቸው፣ መሃይምነት ሊያጠፉ ገጠር የሄዱ። አያትየው ለ50 ዓመት ያስቀመጡትን የዘመቻ ፎቶ አውጥተው ሰጥተዋታል። ልጅቷ ወረቀቱን ስታነብ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያ ዘመን ቢሆኑ ኖሮ የሚዘምቱት እነሱ ሊሆኑ ይችሉ እንደነበር የክፍላችንን ልጆች ያን ቀን ነው የገባቸው። ማንም ፈተና ላይ ይመጣል ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።

ከቻልሽ በዓመት አንድ ቀን ይዘሻቸው ውጪ። ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን አይተው በእግር ወደ ስድስት ኪሎ ይወጣሉ፣ የየካቲት 12 ሐውልት ሥር ይቆማሉ። አንቺ የተማርሽበት ግቢ እኮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በ1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያው ነው። ይኼን በሩ ላይ ቆመሽ ብትነግሪያቸው ክፍል ውስጥ ሦስት ፔሬድ ከምትለፊው ይበልጣል።

ተቀበዪው ባይ ነኝ። ግን ፕሮግራሙን አስተካክለሽ።

የቀድሞ ምክትል ርዕሰ መምህር

ባለ ጠመኔው ስለ ማስተማሩ ያለውን ብሏል። እኔ ስለ ወረቀቱ ልናገር። የፓርት ታይም መምህራንን ስቀጥር ቆይቻለሁ፤ በቃል ብቻ ተስማምተው ገብተው ሲጎዱ አይቻለሁ።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት የያዘ ደብዳቤ ፈርሞ መስጠት አለበት። ይኼን በትህትና መጠየቅ ያስከብርሻል እንጂ አያስንቅሽም። ውሉ ላይ የፔሬዱ ብዛት፣ የፔሬዱ ዋጋ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ይጻፍ። ትምህርት ቤቱ በራሱ ምክንያት ክፍል ሲሰርዝ፣ ለምሳሌ የስፖርት ቀን ሲሆን ወይም ሞዴል ፈተና ሲሰጥ፣ ይከፈልሻል ወይስ አይከፈልሽም? ይኼም ይጻፍ። ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። ስትለቂ ደግሞ የሥራ ልምድ ደብዳቤ መውሰድ እንዳትረሺ። ፓርት ታይም ነበርሽ ተብሎ የሚከለከል ነገር አይደለም።

ዋጋውንም ትንሽ ከፍ እንዲያደርጉ ጠይቂ። የታሪክ መምህር ሞልቷል ይሉሻል። 12ኛን በኃላፊነት የሚይዝ ግን አልሞላም።

ሶሻል ነበርኩ

እኔ መምህር አይደለሁም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የግል ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት፣ 12ኛ ሶሻል ነበርኩ። ክፍላችን ውስጥ 14 ነበርን። ናቹራል ያልሆነላቸው ተብለን ነበር የምንታየው፤ ይኼ በጣም ያመን ነበር። ላብራቶሪው፣ ቱቶሪያሉ፣ ጥሩ ጥሩ መምህራን ለእነሱ ነበር። እኔ ግን ሶሻል የገባሁት ፈልጌ ነው።

የታሪክ መምህራችን ፓርት ታይም ነበር። ጎበዝ ነበር። ግን ደወል ሲደወል ይሮጣል፣ ሌላ ትምህርት ቤት ፔሬድ አለው። አንድ ቀን ጥያቄ ይዤ እስከ በሩ ተከተልኩት፤ ታክሲ ውስጥ ሲገባ ነው የደረስኩበት። አልፈርድበትም። ፈተናውን ግን ፈርተን ነበር። በ2014ቱ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው ሲባል ሰምተን ያደግን ልጆች ነን።

ቲቸር፣ እርስዎ ከገቡ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ 20 ደቂቃ አንድ ቦታ ይቀመጡ። ላይብረሪም ቢሆን። ቀኑን እንወቀው። ብዙ ልጅ አይመጣም፣ ሦስት አራት ነው የሚመጣው። እነዚያ ግን በጣም ነው የሚፈልጉዎት።

የጀሞዋ መምህርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ሄጄ አነጋገርኳቸው።

ሦስት ቀን አልሆነም፤ አራት ቀን ላይ ሰብስበውልኛል፣ ዓርብ ነፃ ነኝ። ማክሰኞ ሁለቱም ፔሬድ ጠዋት ሆነዋል። ዋጋው 200 ብር ሆነ። የክረምቱን እምቢ አሉ። ትምህርት ቤቱ ለሰረዘው ፔሬድ ይከፈላል የሚለውን ግን አስጽፌያለሁ። ፈረምኩ።

«ሶሻል ነበርኩ» ላለሽው ልጅ፦ ሐሙስ ከመጨረሻው ፔሬድ በኋላ ላይብረሪ እቀመጣለሁ። እናቴን አስፈቅጃለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ብዘገይ ችግር የለውም ብላለች። አንቺን እያሰብኩ ነው የምቀመጠው፣ መምህርሽን እስከ በሩ የተከተልሽውን።

ማታ ደግሞ እናቴን ያንኑ የአያት ጥያቄ ጠየቅኳት። ታላቅ እህቷ ዘምታ እንደነበር ነገረችኝ። አክስቴን 30 ዓመት አውቃታለሁ፣ አንድም ቀን አንስታልኝ አታውቅም። ታሪክ ተምሬ፣ ታሪክ አስተምሬ፣ እሷን ጠይቄያት አላውቅም። እሁድ ልሄድ ነው።

ጋሼ ባለ ጠመኔው፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አንቀጽ 17ን አባዝተው ያድሏቸዋል ወይስ ቦርድ ላይ ብቻ ነው?

ባለ ጠመኔው

ቦርድ ላይ ብቻ። አጭር ነው፣ በትልልቁ ጻፊው። ከዕረፍት በኋላ ያለ ፔሬድ ካለሽ በዚያ ጀምሪ፤ ልጆቹ ሳይገቡ ቀድመሽ ጽፈሽ ጠብቂያቸው። ገና ደብተር ሳያወጡ ማንበብ ይጀምራሉ።