የአደባባይ ጩኸት ዋሽንግተን ይደርሳል?

አወያይ፦ በውጭ አገር የሚደረግ ፀረ አሜሪካ ሰልፍ የዋሽንግተንን አቋም ያለዝባል ወይስ ያከርረዋል? መፈክር ይቅር፤ ማስረጃ ይምጣ።

የታሪክ መምህሩ፦ ያለዝባል እንጂ! እ.ኤ.አ. በ1960 ቶኪዮ ሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ሰልፈኞች የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የአይዘንሃወርን ቃል አቀባይ መኪና ከበው ሲያናውጡት ሰውየውን ያወጣው ሄሊኮፕተር ነው። ሳምንት ሳይሞላ የፕሬዚዳንቱ ጉብኝት ተሰረዘ። የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ኪሺም ብዙ ሳይቆዩ ወረዱ።

ልብስ ሰፊዋ፦ ስምምነቱስ፣ መምህር? ሕዝቡ የወጣው ጃፓን ከአሜሪካ ጋር የተፈራረመችው የጸጥታ ውል እንዳይጸድቅ ነበር። ጸደቀ። ይኸው እስከ ዛሬ የአሜሪካ ጦር ኦኪናዋ ላይ አለ። ሰልፉ የጣለው የራሱን መሪ ነው።

የታሪክ መምህሩ፦ ፊሊፒንስን ምን ትያታለሽ? እ.ኤ.አ. በ1991 ሴኔቱ የጦር ሰፈሩን ውል 12 ለ11 ውድቅ አደረገ፤ በዓመቱ አሜሪካኖች የባሕር ኃይል ሰፈራቸውን ሱቢክ ቤይን ለቀቁ።

ጡረተኛው፦ መምህር፣ አንዲት ነገር ዘለሉ። ፕሬዚዳንት ኮራዞን አኪኖ ያን ሰሞን ራሳቸው ሰልፍ መርተዋል፤ ያውም ውሉ ይጽደቅ ብለው! የቆረጡት ሴናተሮቹ ናቸው። ሌላውን ሰፈራቸውን፣ የክላርክን አየር ኃይል ጣቢያ ደግሞ ቀድሞ በአመድ የሸፈነው የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ነው፤ እሱንም ከሰልፈኛ ካልቆጠሩት በቀር።

ከቨርጂኒያ፦ እኔ በ2014 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ባንዲራ ይዤ ጮኬአለሁ፤ ድምፄ ለሦስት ቀን ተዘግቶ ነበር። ከዚያ ጩኸት ይልቅ የተሰማን፣ ጥቅምት 23 ቀን በቨርጂኒያ ግዛት አስተዳዳሪ ምርጫ ብዙዎቻችን ለሪፐብሊካኑ ያንግኪን ስንቀሰቅስ ነው። ፖለቲከኛ የሚፈራው መራጭን ነው።

ልብስ ሰፊዋ፦ በዚያው ቀን እኮ ነው ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለት ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ እንደሚያስወጡ ያስታወቁት! የመስቀል አደባባዩ ታላቅ ሰልፍ የወጣው ከአምስት ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ሰልፉ አስቀጣን የሚሉም ተሳስተዋል፤ ቅጣቱ ቀድሞ ተቆርጧል። ሰልፉም አላስቀረው፤ ታኅሣሥ 23 ቀን ከቀረጥ ነፃ ዕድሉ ቆመ።

የታሪክ መምህሩ፦ ታዲያ ዝም ይባል?

ልብስ ሰፊዋ፦ ዝም ይባል አላልኩም። እኔም ሰልፍ ወጥቻለሁ። ስመለስ ግን የምሠራበት መስመር ላይ ትእዛዝ አልነበረም፤ የተቆረጠ የሸሚዝ ክንድ በካርቶን ተከምሮ፣ ኮሌታው ሳይመጣ ሳምንት ተቀመጥን። ቀጥሎ የማን አደባባይ ላይ እንደምጮህ ይንገሩኝ።