የወንድሜን ልጅ በሕግ እንዴት ላሳድገው?

እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ። አዲስ አበባ የወንድሜን የ8 ዓመት ልጅ እያሳደግኩ ነው። አባቱ የአረቄ ሱሰኛ ነው፤ ሲሰክር ሚስቱን ይደበድብ ነበር። እሷም ሸሽታ ገጠር እናቷ ጋ ገባች። ልጁ በር ሲንኳኳ አልጋ ስር ይገባል። ሌሊት ይሸናል፤ ዳቦ ቦርሳው ውስጥ ይደብቃል። ባለጌ ሆኖ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። ቁጣ ደግሞ ያባብስበታል።

አሁን አባቱ ሰክሮ እየመጣ «ልጄን አምጪ» ይለኛል። በቤተሰብ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ልጁን በአግባቡ ያልያዘ ወላጅ አሳዳሪነቱን፣ ማለትም ልጁን ይዞ የማሳደግ መብቱን፣ ፍርድ ቤት ሊሽርበት ይችላል። አክስት ማመልከት ትችላለች? የጎረቤት ምስክር ይበቃል ወይስ ከወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ልያዝ? እናቱ ተስማምታለች፤ ግን መምጣት ትፈራለች። ቃሏን እዚያው ሆና መስጠት ትችላለች? ለልጆች የሚሆን የሥነ ልቦና ባለሙያ የምታውቁም ጠቁሙኝ።