በርሊን በቀጠሮ

ሰላም ለሁላችሁ። በመስከረም ለማስተርስ ወደ በርሊን የምትሄጂው እህታችን «ከተማው ይኖርበታል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽ ነበር። የመጣልሽን መልስ አነበብኩት። ግማሹ ሰው «ብርዱና ሰዉ ይገድልሻል» ይላል፤ ግማሹ «ምን ጎድሎ!» ይላል። እኔ እዚያ ተምሬ፣ ትንሽም ሠርቼ፣ ባለፈው ሰመር ጓዜን ጠቅልዬ ወጥቻለሁ። ነገሩ የጠራልኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

በርሊን ክፉ ከተማ አይደለም። እጅሽን ስቦ የሚያስገባም አይደለም። በቀጠሮ የሚሄድ ከተማ ነው። ወረቀቱ በቀጠሮ፣ ሐኪሙ በቀጠሮ፣ ጓደኛም በቀጠሮ። እኛ ደግሞ ሳይጠሩን መሄድ፣ ሳንናገር ብቅ ማለት የለመድን ሰዎች ነን። አበሻው «ሰዉ ቀዝቃዛ ነው» ሲል፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ የሚያማርረው ይህንን ነው።

ከወረቀቱ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ እሱን ተከትሎ ነው የሚመጣው። ቤት በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ «ቡርገርአምት» በሚሉት ጽሕፈት ቤት አድራሻሽን ማስመዝገብ አለብሽ። ምዝገባውን «አንሜልዱንግ» ይሉታል። ከተመዘገብሽ በኋላ የግብር ቁጥርሽ በፖስታ ይመጣል። የመኖሪያ ፈቃዱም ቢሆን፣ ሌላውም ጣጣ፣ ያቺን የምዝገባ ወረቀት ይጠይቅሻል። ለመመዝገብ ደግሞ አከራይሽ «አዎ፣ እዚህ ትኖራለች» ብሎ የፈረመበት ቅጽ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። ርካሽ ክፍል ያገኛል፤ አከራዩ ግን ገንዘቡን ይቀበልና «ምዝገባ የለም» ይላል። እንዲህ ያለው ክፍል ለጥቂት ጊዜ ማረፊያ ቢሆን ነው። ስለ ኪራዩ ከማውራትሽ በፊት «መመዝገብ ይቻላል?» ብለሽ ጠይቂ።

የምዝገባው ቀጠሮ ራሱ እንደ ልብ አይገኝም። ድረ ገጹን ስትከፍቺ ለሳምንታት ቦታ የለም ሊልሽ ይችላል። ተስፋ አትቁረጪ። የምትኖሪበት ሰፈር ያለውን ጽሕፈት ቤት ብቻ አትጠብቂ፤ በርሊን ውስጥ የትኛውም ጋ ሄደሽ መመዝገብ ትችያለሽ። ሰው የሰረዘው ቀጠሮም ብቅ ስለሚል ደጋግመሽ ገብተሽ እዪ። ከተማው ዳር ያለው ስፓንዳው ድረስ ቢወስድሽ ሂጂ፤ በዚያው ከተማውን ታዪበታለሽ።

የመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ሃይማኖት የሚል ቦታ አለ። እዚህ ላይ ቆም በይ። ጴንጤ የሆነ ልጅ በቅን ልቦና «ኢቫንጌሊሽ» የሚለውን ይሞላል። መዝጋቢው ግን የጀርመን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን አባል ብሎ ነው የሚይዘው። ሥራ ሲጀምር የገቢ ግብሩን 9 በመቶ የሚያህል ተጨማሪ ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያኗ ይቆረጥበታል። በርሊን ውስጥ ካቶሊኩም እንደዚያው ነው። መስጠት ከፈለግሽ እሰየው፤ ግን አውቀሽው ይሁን።

የቤቱ ማስያዣ ከ3 ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ያውም ማሞቂያና ሌላ ወጪ ሳይጨመርበት ባለው ኪራይ ነው የሚሰላው። በ3 ከፍሎ መስጠትም በሕግ የተፈቀደ ነው፤ አከራይ ግን አይነግርሽም። ቤቱን ሳታዪ «ገንዘቡን አስገቢ፣ ቁልፉን በፖስታ እልክልሻለሁ» የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ ሌባ ነው። አለቀ።

ደብዳቤ ደግሞ አትናቂ። ዋናው ነገር ሁሉ በፖስታ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ ይሆናል፤ ለአንድ ቤት በወር 18.36 ዩሮ። ቴሌቪዥን የለኝም ማለት አያድንሽም። አብሮሽ የሚኖር ሰው የሚከፍል ከሆነ ግን የእሱን ቁጥር ጽፈሽ ላኪ፤ ሁለት ጊዜ አይከፈልም። ደብዳቤውን ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ የሚከት ልጅ ሁልጊዜ አለ። በመጨረሻ ተደማምሮ ከነቅጣቱ ይመጣበታል።

አሁን ወደ ኑሮው። ቡና ከቆላሽ መስኮት ክፈቺ። እዚያ በመኝታ ቤቱ፣ በሳሎኑና በመተላለፊያው ኮርኒስ ላይ ጭስ የሚያውቅ መሣሪያ መግጠም ግዴታ ነው፤ ዕጣንና ቡና የእሳት አደጋ ይመስሉታል። ሙቀጫውን ደግሞ እሁድ አታውጪው። እሁድ ቀኑን ሙሉ፣ በሌላው ቀን ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ጸጥታ የታወጀ ነው። የታች ቤት ሴትዮ በሩን አታንኳኳም፤ ወረቀት ትለጥፍብሻለች። ሱቅም እሁድ ዝግ ነው። ቅዳሜ ማታ ቤት ውስጥ ምንም የሌለው ሰው «ሽፔቲ» ከምትባለው የሰፈር ኪዮስክ በውድ ዋጋ ወተት ይገዛል።

ብርዱን አትፍሪው፣ ልብስ ይመልሰዋል። ጨለማው ነው ሰው የሚጥለው። ታኅሣሥ ላይ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ከ2 ሰዓት በኋላ ይነጋል፣ 10 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ያውም ፀሐይ ከወጣች። ሰኔ ላይ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ ፀሐይ አለች፤ እንቅልፍሽ ይዛባል። በዊንተር እኩለ ቀን ላይ፣ ለግማሽ ሰዓትም ቢሆን፣ ከቤት ወጣ በይ። አልጋ ውስጥ ሆነሽ አገር ቤት በቪዲዮ እየደወልሽ የምታሳልፊው ቀን ከብርዱ ይብሳል።

ብቸኝነቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። የክፍል ጓደኛሽ «ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ ቡና እንጠጣ» ትልሻለች። ቅር ይልሻል፤ ሦስት ሳምንት ምን ሊሆን ነው? ግን በተባለው ቀን፣ በተባለው ሰዓት፣ ዝናብ ቢዘንብም ትመጣለች። እኛ ጋ «እንገናኛለን!» ያለ ሁሉ ይገናኛል? እኔ ቀስ በቀስ ይህንን መውደድ ጀመርኩ። ማስታወሻ ደብተሯ ላይ የጻፈችሽ ሰው ቦታ ሰጥታሻለች ማለት ነው። ስለዚህ አንቺም ቀድመሽ ቀጠሮ ያዢ። በከተማው 12 ወረዳዎች ሁሉ «ፎልክስሆኽሹለ» የሚባል የሕዝብ ትምህርት ቤት አለ፤ ቋንቋም፣ ስፌትም፣ ፎቶም በተመጣጣኝ ዋጋ ያስተምራሉ። የመዘምራን ቡድን ወይም የሩጫ ማኅበር ካገኘሽ ደግሞ ቀጠሮው በየሳምንቱ ራሱ ይመጣል። እንግሊዝኛ ካፌ ውስጥ ያኖርሻል፤ ቢሮ ውስጥ አይሠራም። ጀርመንኛውን ዛሬ ጀምሪ።

«ከአበሻ ራቂ» የሚል ምክር መጥቶልሻል። እኔ አልስማማም። የሚመክሩት ራሳቸው የመጀመሪያውን ፍራሽ ያገኙት ከአበሻ ነው። ሐሜቱ እውነት ነው፤ አልክድም። ግን ታመሽ ስትተኚ ሾርባ ይዞ ያለ ቀጠሮ የሚመጣው ማን ይመስልሻል? የሚጎዳው ሳምንቱን ሙሉ ከእኛው ጋር ብቻ ተቀምጦ ስለ ጀርመን ማማረር ነው። ስንት ዓመት ኖሮ ሰፈሩን የማያውቅ አለ።

ከተማው ያለ ቀጠሮ የሚሰጥሽም አለ። ብር በሌለሽ እሁድ ከተማውን በሚዞረው ባቡር ተሳፈሪ። ኤስ 41 በቀኝ፣ ኤስ 42 በግራ ይዞራል፤ 37 ኪሎ ሜትሩን በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። ሙቅ ነው፣ ሰው ታያለሽ። ትኬት ግን ያዢ፤ ተቆጣጣሪዎቹ እንደማንኛውም ተሳፋሪ ለብሰው ነው የሚገቡት፣ ቅጣቱም 60 ዩሮ ነው። ቴምፕልሆፍ ደግሞ አለልሽ። እ.ኤ.አ. በ1948 እና 1949 ምዕራብ በርሊን ስትከበብ እህልና ከሰል በአውሮፕላን የገባበት ማረፊያ ነው። በ2008 ተዘጋ፣ በ2010 ለሕዝብ ተከፈተ። በ2014 ቤት እንሥራበት ሲባል የከተማው ሰው ድምፅ ሰጥቶ አስቀረው። አውሮፕላን ሲሮጥበት በነበረው አስፋልት ላይ ዛሬ ሕፃናት ብስክሌት ይማሩበታል። የቤት ኪራይ እንዲህ በናረበት ከተማ መወሰናቸው ልክ ነበር ወይ? እስካሁን ይከራከሩበታል። እኔ እንኳን ቀረ እላለሁ።

ዌዲንግ በሚባለው የበርሊን ክፍል ውስጥም «የአፍሪካ ሰፈር» አለ፤ መንገዶቹ ቶጎ፣ ካሜሩን እየተባሉ ይሄዳሉ። ስሞቹ የቅኝ ግዛት ዘመን ናቸው። የቅኝ ገዢዎችን ስም የያዙት በቅርብ ዓመታት ተነሥተው ቅኝ ገዢውን በታገሉ አፍሪካውያን ስም ተተክተዋል። አውሮፓውያኑ አፍሪካን ለመቃረጥ የተሰበሰቡትም እዚሁ በርሊን፣ ቪልሄልም ጎዳና ላይ ነበር፤ ከ1884 መጨረሻ እስከ 1885 መጀመሪያ። ከዚያ በ11 ዓመቱ አድዋ ሆነ። በዚያ ጎዳና ሳልፍ ሁልጊዜ ፈገግ እል ነበር።

የማራቶኑ ቀን ግን ለብቻው ነው። በመስከረም እሁድ ይውላል፣ ብዙ ጊዜ ከደመራ ጋር ይቀራረባል። ኃይሌ በ2007 የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረው እዚያ ነው፤ በ2008 ተመልሶ 2:03:59 ገባ፤ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው። ቀነኒሳ በ2019 2:01:41 ገብቶ ክብረ ወሰኑ በ2 ሰከንድ አመለጠው፤ ይህቺ 2 ሰከንድ አበሻ ቤት ዛሬም ትወራለች። ትዕግስት አሰፋ በ2023 የሴቶቹን በ2:11:53 ሰበረች። ባንዲራ ይዘሽ ብራንደንቡርግ በር አካባቢ ቁሚ። የማታውቂው ጀርመናዊ ትከሻሽን መትቶ «ያንቺ አገር ልጅ ናት?» ይልሻል። ያን ቀን ሁሉም ያናግርሻል።

አንዲት እናት ከኖይኮልን፦

ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። ግን እኛ የመጣን ጊዜ ይህ ሁሉ ድረ ገጽ አልነበረም፤ አበሻው ባይኖር እንሞት ነበር። አንተ «ያኖራል» ያልከው ሁሉ ትክክል ሆኖ፣ አንድ ነገር ዘለልክ። ቤት ስትፈልግ ስሟን አይተው ብቻ የማይመልሱላት ይኖራሉ። ልጅቷ «እኔ ምን አጠፋሁ» እንዳትል ቀድማ ትወቀው። ሌላው ዜግነት ነው። ከሰኔ 2024 ወዲህ ጀርመኖቹ በ5 ዓመት ይሰጣሉ፣ የድሮውን መልሺም አይሉም። የእኛ ሕግ ግን ሁለት ዜግነት አይፈቅድም። የጀርመኑን ከወሰደች የኢትዮጵያው ይቀራል፤ ቢጫ ካርድ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ነው የምታወጣው። ብዙ ልጆች ጀርመን ስለፈቀደ ሁለቱም ይኖረኛል ብለው ያስባሉ።

ጠያቂዋ፦

ወንድም ጋሼ፣ እማማም፣ በጣም አመሰግናለሁ። ሦስት ጥያቄ ብቻ። ተማሪ ሆኜ ሥራ ይፈቀድልኛል? ለቪዛው ባንክ የሚቆለፈው ሒሳብ ውስጥ የማስገባው ብር ይበቃኛል? ከአገር ቤትስ ምን ልያዝ?

መልስ፦

እማማ ትክክል ነዎት፤ ስለ ቤቱም ስለ ዜግነቱም። እሺ እህቴ፣ በተራ። ሥራ ይፈቀዳል፤ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን። ከዚያ በላይ ከሠራሽ ቪዛሽን ትነኪያለሽ፤ ቀኑን ቁጠሪ። የተቆለፈው ሒሳብ ከመስከረም 2024 ጀምሮ ለዓመት 11,904 ዩሮ ነው፤ በወር 992 ይለቀቅልሻል። ከመሄድሽ በፊት ግን ኤምባሲው ገጽ ላይ አረጋግጪ፤ ቁጥሩ ይቀየራል። የተማሪ መኖሪያ ካገኘሽ ይበቃል፣ በግል ከተከራየሽ ይጠብባል። የመኖሪያውን ማመልከቻ የመግቢያ ደብዳቤሽ የደረሰ ዕለት አስገቢ፤ ወረፋው ረጅም ነው።

ካፖርት ከአገር ቤት አትግዢ፤ የአዲስ አበባው ወፍራም የሚመስለው በርሊን ላይ ስስ ነው። በርሊን ያገለገለ የሚሸጡ ሱቆች ሞልተዋል፣ እዚያ ትገዢያለሽ። በርበሬና ሽሮ ያዢ፣ በደንብ አሽጊው። ሥጋና የወተት ተዋፅኦ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ስለዚህ እናትሽ በእንባ ብታሽግልሽም ንጥር ቅቤውን ተይው፤ ጉምሩክ ካየው ይወስደዋል። ቋንጣውን ደግሞ እዚያው አገር ቤት ጨርሺው።