ታች ስክሪኑ የቤሪንግ ሙቀት 1108475904 እያለኝ ነው፣ ኢመርጀንሲውንስ ስክሪን ላይ ላድርገው?

ጠያቂ (አዳማ)፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ አዳማ ዱቄት ፋብሪካ ነው የምሰራው፣ 22 ፑሽ በተን ያለውን የድሮ ፓኔል በ7 ኢንች ታች ስክሪን እየቀየርን ነው። ፒኤልሲው (ማሽኖቹን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር) ሲመንስ ኤስ7-1200 ነው ስክሪኑ ግን የሌላ ካምፓኒ፣ ስክሪኑ ከፒኤልሲው ዳታ እንዲያነብ ፑት/ጌት ፈቅጄ ዳታ ብሎኩ ላይ ኦፕቲማይዝድ የሚለውን አጥፍቼ ተገናኝቷል። ግን የኤሌቬተሩን (ወደ ላይ የሚያወጣውን ማሽን) ቤሪንግ ሙቀት 1108475904 ነው የሚለኝ፣ ማሽኑን አቁሜ በእጄ ስነካው ለብ ያለ ነው። ሌላው ባለቤቱ ሽቦ እንዲቀንስ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ኢመርጀንሲ ስቶፑም ሳይቀር ስክሪን ላይ ይሁን ብሎኛል፣ ምን ትሉኛላችሁ?

ባለ24ቮልት፦ እህቴ ኮሚዩኒኬሽንሽ ሰላም ነው። ፒኤልሲው ውስጥ ሙቀቱ ሪል (ነጥብ ያለው ቁጥር፣ ፍሎት የሚባለው) ነው አንቺ ስክሪኑ ላይ 32 ቢት ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ብለሽ ነው ያነበብሽው። ያ ቁጥር በሄክስ (በ16 ቤት አቆጣጠር) 42120000 ነው፣ እሱ እንደ ፍሎት ሲነበብ ልክ 36.5 ይመጣል። ስክሪኑ ላይ ዳታ ታይፑን ፍሎት አድርጊው በቃ፣ ፒኤልሲውን አትንኪ።

የድሮ ኤሌክትሪሻን፦ ልጄ ኢመርጀንሲውን በፍጹም ስክሪን ላይ እንዳታደርጊ። ስክሪን ሃንግ ያደርጋል፣ ኬብሉ ይላላል፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ቀዩ ቁልፍ ኖርማሊ ክሎዝ ኮንታክት (ሳይጫን ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ) ሆኖ በሴፍቲ ሪሌይ በኩል የኮንታክተሮቹን (የሞተሮቹን ማብሪያ) ኮይል ራሱ ይቁረጥ፣ እንዲህ ከሆነ ሽቦው እንኳ ቢበጠስ ማሽኑ ይቆማል። ለፒኤልሲው አንድ ተጨማሪ ኮንታክት ስጪውና ስክሪኑ የትኛው እንደተጫነ ያሳይ፣ ከዛ አይለፍ። ሽቦ የሚቀነስበት ሌላ ቦታ ሞልቷል በይው።

ከሐዋሳ፦ የደረሰብኝን ልንገርሽ። የስክሩ ኮንቬየር ጆግ (ቁልፉ እስከተጫነ ብቻ ማዞሪያ) ስክሪን ላይ ሞመንታሪ (ሲነካ 1 ሲለቀቅ 0 የሚልክ) አድርጌ ሰርቼ ኦፕሬተሩ ጣቱ ስክሪኑ ላይ እያለ የኔትወርክ ኬብሉ ተነቀለ፣ ልጁ ጣቱን አነሳ ስክሩ ግን መዞሩን ቀጠለ፣ ለካ 1 ሄዷል 0 አልደረሰም! ሮጬ ብሬከሩን አወረድኩት፣ ዛሬም ሳስበው ልቤ ይመታል። ከዛ ወዲህ ለስታርት ስክሪኑ ቢቱን ሴት (1) ብቻ ያደርጋል፣ ፒኤልሲው አንብቦ ራሱ ሪሴት (0) ያደርገዋል። ጆግ ግን ብትሰሚኝ በሽቦ የመጣ ፑሽ በተን ይሁን። ደሞ ዱቄት ስለሆነ ከመጨረሻው ማሽን ወደ መጀመሪያው ነው የሚነሳው አይደል፣ ያ ቅደም ተከተል ፒኤልሲ ውስጥ ይግባ አለበለዚያ ኤሌቬተሩ ይታፈንብሻል፣ መብራት ሄዶ ሲመጣም ማንም ሳይነካው እንዳይነሳ።

የሺፍት ኦፕሬተር፦ እኔ ፕሮግራም አላውቅም፣ ስክሪን ፊት ግን 8 ሰዓት የምቆመው እኔ ነኝ። ቁልፎቹን አተልቂልን፣ እጃችን ዱቄት ነው ጓንትም አለ። አማርኛና ኦሮምኛ ይኑረው፣ የኛ ፊደል ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከመጣ ጽሁፉን ምስል አድርገሽ አስገቢው። ደሞ በናትሽ "ፎልት 17" አትበይን፣ "ኤሌቬተር 2 ኦቨርሎድ ጥሏል" ካለ ሌሊት ማንንም ከእንቅልፍ ሳንቀሰቅስ የት እንደምንሄድ እናውቃለን።

ጠያቂ፦ ፍሎት አደረኩት 36.5 አለ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቱን ፓኔሉ ጋ ወስጄ የስክሪኑን ኬብል ነቅዬ አሳየሁት፣ ኢመርጀንሲው በየፎቁ በሽቦ ይሁን ብሏል። አሁን 22ቱን አንድ በአንድ እያየሁ ነው፣ የጆጎቹን ቁልፍ ካሉበት አላነሳቸውም።