ኖርፎክ ደሴት፦ ግብሩ ገባ፣ ምክር ቤቱ ለምን ፈረሰ?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያችን ኖርፎክ ናት። ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ ከዋናው አውስትራሊያ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ፣ ሁለት ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ደሴት። ከ1979 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የራሷ ምክር ቤት ነበራት። ነዋሪው እዚያው ለሚያገኘው ገቢ የአውስትራሊያ ገቢ ግብር አይከፍልም ነበር። በ2015 አውስትራሊያ ምክር ቤቱን አፈረሰች። ከጁላይ 2016 ጀምሮ ግብሩ ገባ። ትክክል ነበር?

የሒሳብ ሰው፦ እኔ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ካዝናው ባዶ ሆኖ ነበር። ደሴቷ የምትኖረው በቱሪስት ነው፤ ከ2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ በኋላ ቱሪስቱ ቀነሰ። ራሳቸው የጀመሩት 12 በመቶ የሽያጭ ግብርም ቀዳዳውን አልደፈነም። በ2010 የአውስትራሊያ መንግሥት መቀመጫ ካንቤራ ሄዶ እርዳታ የጠየቀው የራሳቸው መንግሥት ነው፤ የገቢ ግብር ለመክፈልም ፈቃደኛ ነን ብሏል። ዛሬ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድንና ጡረታ አላቸው። የአውስትራሊያ የሽያጭ ግብር አሁንም አይነካቸውም። ድምፅ አጡ የሚባለውም አይገባኝም፤ ለፌዴራል ፓርላማ ይመርጣሉ እኮ።

የሕግ ተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ በገንዘቡ አልከራከርህም። ግብሩ ይግባ። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ሰዎቹ ራሳቸው እንከፍላለን ካሉ ምክር ቤቱን ማፍረስ ምን አመጣው? በሜይ 2015 ደሴቷ ሪፈረንደም አካሄደች። 68 በመቶ ያህሉ ዕጣችንን እኛ እንወስን፣ ለውጥ ከመምጣቱ በፊት እንጠየቅ አሉ። ካንቤራ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች፤ ሕጉ በዚያው ወር ጸደቀ።

ይመርጣሉ ያልከውን እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። የምርጫ ክልላቸው ቢን ይባላል። መራጩ በአብዛኛው የካንቤራ ከተማ ሰው ነው። የኖርፎክ ድምፅ እዚያ ውስጥ የት ይታያል? የባሰው ደግሞ የኩዊንስላንድ፣ የአንዷ የአውስትራሊያ ክፍለ ግዛት፣ ነገር ነው። ከ2022 ጀምሮ የደሴቷን ትምህርት ቤት የያዘው፣ ለጤና አገልግሎቷም ድጋፍ የሚሰጠው የኩዊንስላንድ መንግሥት ነው። የኖርፎክ ሰው ግን ለኩዊንስላንድ ፓርላማ አይመርጥም! የልጅህን ትምህርት ቤት የሚያስተዳድረውን መንግሥት በምርጫ ማውረድ አትችልም ማለት ነው።

ደግሞ እንደ ማንኛውም ወረዳ አትያት። ብዙዎቹ በ1856 ፒትኬርን ከምትባል ሌላ የፓስፊክ ደሴት መጥተው የሰፈሩት ሰዎች ዘር ናቸው። የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። የቤተሰብ ስማቸው በጣም ስለሚመሳሰል የስልክ ማውጫቸው ሰውን በቅጽል ስሙ ጭምር ይዘረዝራል። እንዲህ የሚተዋወቅ ሕዝብ ራሱን ማስተዳደር አይችልም ይባላል?

የሒሳብ ሰው፦ እህቴ፣ መተዋወቁ ራሱ ነው ችግሩ። ሁሉም ዘመድ በሆነበት አገር የመሬት ግብር ማን ደፍሮ ይጥላል? ግብር ሰብሳቢው የአጎትህ ልጅ ነው። ከ2016 በኋላ አምስት አባላት ያሉት የአካባቢ ምክር ቤት ተሰጥቷቸው ነበር። እሱም በገንዘብ ችግር ተዘፈቀ።

ከሜልበርን፦ እኔ ግብር ከፋይ ነኝና ልግባበት። ኖርፎክ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ከኔም ኪስ ነው፤ አልከፋኝም። ግን አስቡት። እኔ ለፌዴራል እመርጣለሁ፣ ለክፍለ ግዛቴ ለቪክቶሪያ እመርጣለሁ፣ ለከተማዬ ምክር ቤት እመርጣለሁ። ሦስት ቦታ። ያ የአካባቢ ምክር ቤት በ2021 ታግዶ፣ ኋላም ተበትኖ በተሾመ አስተዳዳሪ ሲተካ ለኖርፎክ ሰው የቀረው የፌዴራሉ ብቻ ነበር። ገቢ ግብሩን ግን እንደኔው ይከፍላል።

የሒሳብ ሰው፦ ይሄ ከባድ ነጥብ ነው፣ አልክድም። ታዲያ ለኩዊንስላንድ ይምረጡ ትያላችሁ?

የሕግ ተማሪዋ፦ አልልም። እዚያም ከዋናው ምድር መራጭ ጋር ተደርበው ይዋጣሉ። እኔ የምለው፣ ገቢ ግብሩና ጡረታው ከካንቤራ ጋር ይቆይ፤ የበጀት ኦዲተርም ካንቤራ ትላክ። ትምህርት ቤቱን፣ ሆስፒታሉን፣ መሬቱንና የመሬት ግብሩን ግን ደሴተኛው የመረጠው ምክር ቤት ይወስን። ከኩዊንስላንድ ጋር የሚደረገውን ውልም ያ ምክር ቤት ሳያጸድቀው አይፈረም።